ቅዳሜ ሃዲድ፣ እሑድ ጠጠር

ጀሶ ለመድረቅ አንድ ሌሊት ይፈልጋል። በውኃ የቀጠነ ኮላም እንደዚያው። ቀለም በቀለም ላይ የሚደርብ ሰው የመጀመሪያው እስኪደርቅ እጁን ሰብስቦ መጠበቅ አለበት። ቤቱ ውስጥ ትንሽ የባቡር መስመር መሥራት ለሚመኝ፣ ግን «ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ላይ ነኝ፤ በየት በኩል?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ የምሥራች የለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሠርታችሁ ስትነሡ፣ ኮላው ሌሊቱን ሙሉ እናንተን ተክቶ ያድራል። እሑድ ስትመለሱ የተዋችሁት ነገር ጠንክሮ ይጠብቃችኋል። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ይህን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ሊጥ የሚቦካው ማንም ሳይነካው ነው።

ጡረታ እስክትወጡ፣ ልጆች እስኪያድጉ፣ ትልቅ ቤት እስክትገዙ አትጠብቁ የምለው ለዚህ ነው። ሞዴል ባቡር ለቅዳሜና ለእሑድ ተብሎ የተፈጠረ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠበት ሰው ያልደረቀ ነገር እየነካካ ያበላሸዋል፤ ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ሳይወድ በግዱ በትክክለኛው ፍጥነት ይሄዳል።

ሮድ ስቱዋርትን ብዙዎቻችሁ በዘፈኑ ታውቁታላችሁ። ይህ እንግሊዛዊ ድምፃዊ ሎስ አንጀለስ ባለው ቤቱ፣ በ1940ዎቹ የነበረች አንዲት የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ከተማ ከነፎቆቿ፣ ከነድልድዮቿና ከነጭስ ማውጫዎቿ ሲሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። «ሬይልዌይ ሞዴለር» ለተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ገልጦ ያሳያት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ነው። ከአገር አገር እየዞረ ሙዚቃ በሚያቀርብበት ጊዜ እንኳ በየሆቴሉ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ተጨማሪ ክፍል ያስይዝ ነበር። ጊዜ የለኝም ማለት የሚገባው ሰው ካለ እሱ ነበር። አንድ ሌላ ነገሩም ደስ ይለኛል፤ ኤሌክትሪኩ እንደማይሆንለት ስለሚያውቅ ያንን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጠ። የቀረውን አብዛኛውን በእጁ ሠራው። እናንተም ሽቦ ካስፈራችሁ ሽቦ የሚወድ ዘመድ ፈልጉ። መጋዝ ካስፈራችሁ ደግሞ ኮምፔርሳቶውን የሚሸጥላችሁ ሱቅ በልኩ ቆርጦ ይሰጣችኋል። ሁሉን ካልቻልኩ አልጀምርም የሚለውን ሐሳብ ዛሬውኑ አውርዳችሁ ጣሉት።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ገና ከበሩ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነውና። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ልኬት ኤችኦ ይባላል። እውነተኛውን ነገር 87 ጊዜ ያሳንሰዋል። ኤን የሚባለው ደግሞ 160 ጊዜ ያሳንሳል። አሜሪካ ውስጥ ጀማሪው ሁሉ የሚገዛው 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ኤችኦ ባቡር ዙሪያውን ለመዞር ይበቃዋል። ቤዝመንት ያለው ሰው ይህን ዘርግቶ ይጀምር፤ ጥሩ ጅምር ነው። አፓርታማ ተከራይቶ ለሚኖር ግን እኔ የምመክረው ሌላ ነው፤ ኢንግልኑክ።

ኢንግልኑክን ያወጣው አለን ራይት የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ሦስት መስመር፣ ሁለት መገንጠያ፣ አንድ ሎኮሞቲቭና ስምንት ፉርጎ፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለበትም። አንደኛው መስመር አምስት ፉርጎ ይይዛል፤ ሁለቱ ሦስት ሦስት። ከስምንቱ ፉርጎዎች አምስቱን በዕጣ ታወጣላችሁ። ከዚያ ሎኮሞቲቩን ወደ ፊት ወደ ኋላ እያላችሁ አምስቱን ዕጣው በወጣበት ቅደም ተከተል ማሰለፍ ነው ጨዋታው። ቀላል ይመስላል። ግን አምስቱ ሊሰለፉበት የሚችሉት መንገድ 6,720 ነው። በኤን ልኬት አንድ ሜትር ከሃያ የሚሆን መደርደሪያ ይበቃዋል፤ በኤችኦ ሁለት ሜትር ገደማ። ከመጽሐፍ መደርደሪያችሁ አንዱን ክፍል ብትሰጡት የባቡር ባለቤት ናችሁ ማለት ነው። ቤት ስትቀይሩም ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ።

ለመሥራት የመረጥኩት የራሳችንን የድሬዳዋን ጣቢያ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው የድሮው መስመር 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በኤችኦ ልኬት እንኳ ብታሳንሱት 9 ኪሎ ሜትር ይወጣዋል። ሐምቡርግ ከተማ የሚገኘው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ በዓለም ትልቁ የባቡር ሞዴል ነው፤ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሃዲድ አለው። ብራውን የሚባሉ መንታ ወንድማማቾች ሐሳቡን በ2000 አንሥተው በ2001 ለሕዝብ ከፍተውታል፤ እስካሁንም ክፍል በክፍል እየጨመሩበት ነው። ለአውሮፕላን ማረፊያው ብቻ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸው በ2011 ተከፈተ። ሥራቸውን እጅግ አደንቃለሁ። የእኛ ቤት ግን ሐምቡርግ አይደለም፤ 9 ኪሎ ሜትሩ አይገባም። ስለዚህ ይመረጣል። ምኤሶ ይቀራል፣ አፍደም ይቀራል፣ አዋሽም ከነገደሉ ይቀራል። አንድ ጣቢያ፣ ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ፣ ከጎኑ የጥገና ጋራዡ አንድ ግድግዳ፣ ጥላ የጣለ የከዚራ መንገድ ቅንጣቢ፤ በቃ። ጋራዡ እንደ እውነቱ ይሠራ ቢባል ክፍሉን ብቻውን ይሞላዋል። አንዱን ግድግዳ ከጀርባው ሰሌዳ ጋር ስታጣብቁት ግን ዓይን የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። የድሬዳዋ ልጅ መጥቶ ሲያይ የጎደለውን አይቆጥርም፤ ጣቱን ዘርግቶ «እዚህ ጋ ሻይ ቤት ነበር» ይላል።

መስመሩ ሜትር ስፋት ያለው ስለነበር፣ በኤችኦ ልኬት 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሃዲድ ያስፈልገዋል። ለእኛ ብሎ የሚሠራው ፋብሪካ የለም። ነገር ግን የስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮች ብዙዎቹ በሜትር ስፋት ስለሚሄዱ፣ ቤሞ የተባለው የጀርመን ድርጅት በዚሁ መጠን ሃዲዱን ይሠራል። ምኒልክን ስለ ጅቡቲው የባቡር መስመር ያማከረውና በ1894 ፈቃዱን የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግም ስዊስ ነበር። መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎ የኢልግ አገር ሃዲድ ለድሬዳዋ ሲያገለግል ማየት ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል።

የእውነተኛውን መስመር ታሪክ ማንበብ ለሞዴል ሠሪው ትልቅ ብርታት ነው። ግንባታው ከጅቡቲ በኩል በ1897 ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ የዛሬዋ ድሬዳዋ ደረሰ፤ እዚያም ቆመ። ገንዘብ አለቀ፣ መንግሥታት በመስመሩ ተጨቃጨቁ፣ ኩባንያው ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው እንደገና ተነሣ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሃያ ዓመት መሆኑ ነው። ሥራው ቆሞ በነበረባቸው ዓመታት ግን ሃዲዱ ያለቀበት ቦታ ከተማ ሆነ፤ ሰው ሰፈረበት፣ ገበያ ቆመበት። ሦስት ቅዳሜ ያመለጠው ሰው ይህን ያስታውስ። ጠረጴዛችሁ ላይ እስካሁን የሠራችሁት ነገር እናንተ ባትነኩትም እዚያው አለ፤ የትም አልሄደም።

ደግሞስ የእኛ ቅዳሜና እሑድ መች የግላችን ሆኖ ያውቃል? ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ። ሜሪላንድም ሆነ ፍራንክፈርት፣ ሐበሻ ባለበት ሁሉ ቅዳሜ የሰው ነው። ይህን ለባቡር ብላችሁ አታስቀሩት፤ ለቅሶ ሳይደርሱ ጣቢያ መገንባት ምን ያደርጋል? የማደርገውን ልንገራችሁ። ዓርብ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ሩብ ሰዓት ወስጄ አንድ ትሪ ላይ ለቅዳሜ የሚያስፈልገውን ብቻ አሰናዳለሁ፤ ለአንድ ሥራ የሚበቃውን፣ ከዚያ ሳላስበልጥ። ቤቱን መገጣጠም ከሆነ ቢላው፣ ኮላው፣ ብርጭቆ ወረቀቱና ግድግዳዎቹ ይቀመጣሉ። ቀለም ከሆነ ሁለቱ ብሩሾችና ሦስቱ ቀለሞች። ቅዳሜ የተገኘችው አንዲት ሰዓት ብቻ ብትሆን እንኳ፣ ያቺ ሰዓት መቁረጫውን ስትፈልጉ አታልቅም። የሰው ቤት የሚያስኬድ ጉዳይ ሲመጣም ትሪው እንደተዘጋጀ እሑድን ይጠብቃል።

እሑድ ማታም እንዲሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ቀጣዩን ሥራ በአንድ መስመር ጽፋችሁ ጠረጴዛው ላይ ተዉት። «የውኃ ታንከሩን አራት እግር ማጣበቅ» በሉ። «ጣቢያውን መቀጠል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ጣቢያን መቀጠል በአንድ ቅዳሜ አያልቅም፣ ከየት እንደሚጀመርም አይታወቅም። አራት እግር ግን ይጣበቃል፤ ይታያል፤ ለባለቤታችሁ ጠርታችሁ ታሳዩታላችሁ። ሰው የሚበረታው የጨረሰውን ነገር ሲያይ ነውና፣ በሳምንት አንድ የሚታይ ነገር መጨረስ ከዕቅዱ ሁሉ ይበልጣል።

በዚህ ላይ አንድ ጠንከር ያለ እምነት አለኝ፤ ባቡሩ ቶሎ መሄድ አለበት። ተራራው ሳይሠራ፣ ዛፉ ሳይተከል፣ ባዶ ኮምፔርሳቶ ላይ ይሂድ። ውበቱን አስቀድመው ሃዲዱን ለኋላ የሚያቆዩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሃዲዱ ከተጣመመ በባዶ ሰሌዳ ላይ ለማቅናት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ጀሶና ሣር ከለበሰ በኋላ ግን መፍረስ አለበት። የኤሌክትሪክ ሥራውም የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። በየአንድ ሜትሩ ገደማ ከሃዲዱ ሥር ቀጭን ሽቦ እየበየዱ፣ ከሰሌዳው በታች ካለው ወፍራም ዋና ሽቦ ጋር ማገናኘት ነው። የሃዲድ መጋጠሚያዎች በጊዜ ብዛት ይላላሉ፤ ኤሌክትሪክ በነሱ በኩል ብቻ ሲሄድ ባቡሩ ራቅ ባለው ጥግ ይዳከማል። ቀጭኖቹ ሽቦዎች ያንን ያድኑታል። ዳገት ለማውጣት ያሰበም አስቀድሞ ያስላ፤ ምቹ የሚባለው ዳገት በመቶ ሁለት ነው። አንዱን መስመር በሌላው ላይ ለማሳለፍ 8 ሴንቲ ሜትር መውጣት ካስፈለገ፣ መወጣጫው ብቻ 4 ሜትር ይፈጃል። ለመጀመሪያ ሥራ ሜዳው ይሻላል። የድሬዳዋ ጣቢያም ሜዳ ላይ ነው።

አሁን የምወደውን ሥራ ላሳያችሁ፤ ጠጠር ማልበስ።

ቅዳሜ ማታ ነው። ደረቁን ጠጠር በሻይ ማንኪያ በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ማፍሰስ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ግራና ቀኝ እየጠረጉ አግዳሚ እንጨቶቹ ብቅ እስኪሉ ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም፤ አንድ ጠጠር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከቀረ ነገ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ሴት ልጄ ጠረጴዛው ላይ አገጯን አስደግፋ እንዲህ ያሉትን እየፈለገች በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ታወርዳቸዋለች። የሷ ዓይን ከኔ ይበልጣል። ጥርጊያው ሲያልቅ ውኃ ላይ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረን በመርጫ እናርሰዋለን። ሳሙና የሌለበት ውኃ ተድቦልቡሎ ጠጠሩን እያንሳፈፈ ይነዳዋል፤ ሳሙና ሲገባበት ግን ሳያንቀሳቅሰው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ቀጥሎ ግማሽ ኮላ ግማሽ ውኃ ደባልቀን በዓይን መድኃኒት ማንጠባጠቢያ ጠብ ጠብ እናደርጋለን። መገንጠያው ጋ ስንደርስ እጃችንን እንሰበስባለን፤ የሚንቀሳቀሰው ምላስ ላይ አንዲት ጠብታ ካረፈች ነገ አይላወስም።

ኮላው ገብቶ ሲያልቅ መስመሩ በሙሉ ወተት የፈሰሰበት ሆነ።

«አባዬ፣ ሁሉን ነጭ አደረግኸው እኮ!»

«ተዪው የኔ እናት፣ ነገ ጠዋት እናየዋለን።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው ወደ ታች የወረደችው። ነጩ የለም። ጠጠሩ ግራጫ ሆኖ በየቦታው ተቀምጧል። በጥፍሯ ጫረችው፤ አንድም አልተነቀለም። «ማን ሠራው?» አለችኝ፤ ሌሊት ሌላ ሰው የገባ ነበር የመሰላት። አልኮል በነካ ጨርቅ የሃዲዱን አናት ጠረግንና ባቡሩን ለቀቅነው። ድምፁ ተለውጧል፤ በባዶ ሰሌዳ ላይ ሲሄድ የነበረው ጩኸት ወፈር ብሏል። ያ የጠጠር ድምፅ ነው፤ ሳይሰሙት አይታወቅም።

ከሁሉም ሞዴል ሠሪዎች ታሪክ ግን ልቤን የሚያሞቀው የጆን አለን ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ከተማ ይኖር ነበር፤ ጎሪ ኤንድ ዳፌቲድ የተባለው መስመሩ በአሜሪካ የሞዴል ባቡር ዓለም ስሙ እስካሁን ይነሣል። ዕቃን ያረጀና ፀሐይ የበላው አስመስሎ ቀለም የመቀባትን ጥበብ ብዙ ሰው የተማረው ከሱ ነው። የመጨረሻው መስመሩ ቤዝመንቱን የሞላ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ተራራ የነበረበት ነው። የመጀመሪያው ግን ከአንድ ሜትር ብዙም የማይሰፋ፣ ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠረጴዛ ነበር። ትልቁን ሲጀምር ትንሹን አልጣለውም፤ እንዳለ ወስዶ ከትልቁ ጋር አገናኘው። የመጀመሪያዋን ትንሽ መንደር ያዩ ሰዎች ከዓመታት በኋላ በትልቁ ተራራ መካከል ያገኟት ነበር። አለን በጥር 1973 ሞተ፤ ከቀናት በኋላም ቤቱ ተቃጥሎ መስመሩ ጠፋ። ያስተማረው ግን በእያንዳንዳችን ብሩሽ ላይ አለ። እኔም ያረጀ የቆርቆሮ ጣሪያ በቀጭን ቡናማ ቀለም ባጠብሁ ቁጥር የሱን መንገድ ነው የምከተለው።

ስለዚህ የምትሠሩት መደርደሪያ ትንሽ ነው ብላችሁ አትሠቀቁ። ትልቅ ቤት ሲገኝ እንዳለ ይገባል። ይልቅ ጫፎቹን ክፍት ተዉአቸው፤ ሃዲዱ እስከ ሰሌዳው ዳር ይድረስ፣ አንድ ቀን የሚቀጥል ሌላ ሰሌዳ ይኖራልና። እኔ ጣቢያውን የጀመርኩት በአንድ መደርደሪያ ነው፤ ዛሬ ጋራዡ ያለው በሌላ ሰሌዳ ላይ ነው። የሽንሌ አቅጣጫ ገና ባዶ እንጨት ነው፤ ባቡሩ ግን እስከዚያ ድረስ ደርሶ ይመለሳል።

በዚህ ቅዳሜ ምንም ሳትገዙ ሜትር ብቻ ያዙና ግድግዳችሁን ለኩ። አንድ ሜትር ከሃያ ከወጣ ኤን፣ ሁለት ሜትር ከወጣ ኤችኦ ይሆናል። እሑድ የኢንግልኑክን ሦስት መስመሮች በእውነተኛ ልካቸው በትልቅ ወረቀት ላይ ሥላችሁ መደርደሪያው ላይ አንጥፉት፤ ከካርቶን ስምንት ፉርጎ ቆርጣችሁ በእጃችሁ እየገፋችሁ ጨዋታውን ሞክሩት። ያለ ኤሌክትሪክም ይሠራል። ከተመቻችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ሃዲድና ሁለት መገንጠያ ግዙ፤ ካልተመቻችሁ የባከነው አንድ ወረቀት ነው። ስለ ጣቢያው ስም እናንተ አትጨነቁ፤ ልጆቹ ካሁኑ አራት ስም አውጥተውለት እየተከራከሩበት ይሆናል።